ጋሽ ጫኔ ያንቀላፉበት መኪና

ሸሕዲ ላይ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ጡረታ የሚወጣ ሰው ሸኚ አያገኝም። ባለሀብቱ እርሻው ላይ ነው፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፣ ሌላው ሠራተኛ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ይዞራል። እኔ የወጣሁት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ዕድሜ እንደሆነ ወር መርጦ አይሞላም። ሥራ አስኪያጁ ምሳ ጋበዘኝ፣ የወርክሾፑ ልጆች ፎቶ አብረውኝ ተነሡ፣ የመሣሪያ ሳጥኔን ቁልፍ አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባለቤቴ «በቃ?» አለችኝ። «በቃ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እኔ ጤና አይደለም፤ ድርጅታችሁ እንዴት ከሞት ተነሣ ይለኛል። ድካሙ ገና ከአጥንቴ ስላልወጣ ለአንዱም በቅጡ አልመለስኩም። እዚህ ልጻፈውና ልረፍ።

ሥራ የጀመርኩት አብደራፊ፣ በአንድ ትልቅ እርሻ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሙያዬ ብየዳ ነው። የትራክተር ማረሻ፣ የተሳቢ ማያያዣ፣ የውኃ ታንከር፣ የተሰበረ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አለቃዬ የሰው ስም መያዝ አይሆንለትምና ሁላችንንም «አንተ ብረት» እያለ ነበር የሚጠራን። ደመወዙ ከወባ መድኃኒት ጋር እየተሻማ ያልቃል። ከዚያ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ፤ ከሱዳን የሚሻገሩ የጭነት መኪኖችን በሚጠግን ጋራዥ ተቀጠርኩ። የዚያኛው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ድንበሩ በተዘጋ ቁጥር ግን ጋራዡን ቆልፎ አገሩ ጎጃም ይገባል፤ አንድ ጊዜ እንደ ልማዱ ሄደና በዚያው ቀረ። እኔም መፍቻዎቼን ጠቅልዬ ወደ ሸሕዲ ወጣሁ።

ሸሕዲ የደረስኩት የሰሊጥ ኢንቨስተሮቹ አክሲዮን አዋጥተው የመኪና ቦዲ መሥሪያ ባቋቋሙ ጊዜ ነው። ሌላ አገር ኢንቨስተር ሲባል ከረባት ያሰረ ሰው ይታሰብ ይሆናል። እኛ ቆላ ኢንቨስተር ማለት ሰሊጥና ማሽላ በሰፊው የሚያርስ፣ ሰንደል ጫማ አጥልቆ፣ ፎጣ በትከሻው ጥሎ፣ ሰማዩን እያየ ሲቆጣ የሚውል ሰው ነው። ሰሊጥ በደህና ዋጋ በሚሸጥበት ዘመን «የሰው አውቶቡስ ወገባችንን ጨረሰው፤ የራሳችንን እንሥራ» ብለው ተነሡ። ሻንሲው ከነሞተሩ ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ፣ ከጣሪያው ቅስት እስከ መጋረጃው፣ የምንሠራው እኛ ነን። ወንበሩ ወፍራም ስፖንጅ፣ መጋረጃው ባለዘርፍ ነበር፤ በየመስኮቱም ማራገቢያ አለ። ሰው «የጌቶች መኪና» የሚል ስም አወጣለት። ጎንደር ድረስ ስማችን ወጣ።

የቦዲ ክፍሉ ኃላፊ ኡስታ ፈንታ ነበሩ። ጎንደሬ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ግን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሎሪ ቦዲ ሲሠሩ ስላሳለፉ፣ ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን እንደሚጠሩት ሁሉም ኡስታ ይላቸው ነበር። እኔ ብየዳ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያ ቀን የበየድኩትን ማዕዘን አዩና መዶሻ አምጥተው ሰጡኝ።

«በል ስበረው» አሉኝ።

ሰበርኩት።

«ቶሎ እሺ አለህ?»

«አዎ ኡስታ።»

«ለመንገዱም ቶሎ እሺ ይለዋል» ብለው ሄዱ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ እልህ ያዘኝ።

ኡስታ ሲበይዱ አይቸኩሉም። አንዱን ማዕዘን ነካ አድርገው ወደ ተቃራኒው ይሻገራሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ብረት በአንድ ወገን ብቻ ከሞቀ ይጣመማል፤ በተጣመመ ቅስት ላይ የተመታ ላሜራ ደግሞ ውሎ አድሮ መጮኹ አይቀርም። የሞቀ ብረት ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቸው ዘንድ ነውር ነበር። ላሜራውን ከመምታታቸው በፊት በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አዲስ ሥራ ሲመጣ ስለ ሻንሲው አይጠይቁም፤ «ማነው የሚቀመጥበት?» ይላሉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ምሳቸው ነበር። ቦዲው አለቀ በተባለ ቀን፣ ልክ ቀትር ላይ፣ ፉላቸውንና ዳቧቸውን ይዘው ይገቡና በሩንም መስኮቱንም ይዘጋሉ። ተቀምጠው እስኪጨርሱ አይወጡም። ላባቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ወይ «ተባረኩ» ይላሉ፣ ወይ ደግሞ «እዚህ ጋ ነፋስ አስገቡ» ብለው በጣታቸው ያሳያሉ። እኛ ውጭ ቆመን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ኡስታ፣ ምነው አንቱስ ኸዛፉ ሥር ቢበሉ?» ብላቸው፣ «ተሳፋሪው ጎንደር እስኪገባ ኸዛፍ ሥር ነው እንዴ የሚቀመጠው?» አሉኝ።

ባለአክሲዮኖቹ ደግሞ የራሳቸው መፈተኛ ነበራቸው፤ ማሟሻ ይሉታል። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ሰሊጡ ተሸጦ ሰው እፎይ ሲል፣ አዲሱን መኪና በጠዋት ከሸሕዲ ተሳፍረው ኮኪት ይወርዳሉ። እዚያ ፍየል ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይመለሳሉ። የባለአክሲዮኖቹ ሰብሳቢ ጋሽ ጫኔ የኮኪት ትልቅ አራሽ ናቸው፤ ሰውነታቸው ከባድ ነው፤ ከተመቻቸው ደግሞ እንቅልፍ አያስቸግራቸውም። ጋሽ ጫኔ ኮኪት ሳይደርሱ ካንቀላፉ መኪናው ጥሩ ነው ማለት ነው። ካላንቀላፉ ወንበሩ ተነቅሎ እንደገና ይሠራል። ሪፖርት ይጻፍ ነበር፤ የሚያነበው ግን አላየሁም። መኪናው ሲመለስ ልጆቹ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «አንቀላፉ?»

አንድ ዓመት ዓይናቸው ሳይከደን ኮኪት ደረሱ። ወንበሩን ነቅለን ሠራነው፤ ደግመው ሞከሩት፤ አሁንም እንቅልፍ የለም። ስፖንጅ ጨመርን፣ መደገፊያውን አዘነበልን፣ የሻንሲውን ሞላ ሳይቀር ፈታነው። ኡስታ ፈንታ ከሰው ተደብቀው ያማትቡ ነበር። በኋላ ሲሰማ ለካ ሰውየው ከበኩር ልጃቸው ጋር ተጣልተው ኖሯል፤ ሲታረቁ በዚያው ወንበር ላይ አንኮራፉ። እኛም ስቀን አለፍነው፤ መፈተኛውን ግን አልቀየርንም።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ፤ ተከታትሎ መጣ። የሰሊጥ ዋጋ ወደቀ፣ ድንበሩ ተዘጋ፣ መንገዱም ለነፍስ የማያስተማምን ሆነ። የጌቶች መኪና የሚያዝ ጠፋ። ኡስታ ፈንታ በዚያው ሰሞን ታመው ጎንደር ተወሰዱ፤ አልተመለሱም፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቦዲ ክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ደረሰ። ኃላፊ ሆኜ የዋልኩት ግን ሥራ ፈትተው ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡ ልጆች ጋር ነው። አንዳንዱ ባለአክሲዮን በግቢው ሲያልፍ ዙሪያውን በዓይኑ እየለካ «ለሰሊጥ መጋዘን ግን ደግ ቦታ ነበር» ማለት ጀመረ።

ዮናስ የመጣው ያኔ ነው፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ። ዕድሜው የልጄ ስለሆነ እዚህ ላይ አንተ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ ቢሮው ውስጥ ግን አንቱ ነበር የምለው። ባሕር ዳር ያደገ፣ ዝምተኛ፣ የቆላው ፀሐይ ፊቱን የላጠው ልጅ ነው። መጀመሪያ ጠላሁት፤ አልዋሽም። በመጣ በወሩ የወንበር ክፍሉን ዘጋው። ስፖንጁም ባለዘርፉ መጋረጃም ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገባ።

«ጋሽ ታደለ፣ የጌቶች መኪና የሚገዛ የለም» አለኝ። «ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሰው በምን ነው የሚጭኑት?»

እኛ ዘንድ ሳሉግ የሚባለውን ማለቱ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ ማጭዱንና ጓዙን ይዞ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሸሕዲ ገበያ ላይ ይሰበሰባል። ወኪል የምንለው የኢንቨስተሩ ሰው መጥቶ ዋጋ ይነጋገረዋል። ከዚያ በትራክተር ተሳቢ ላይ፣ አለዚያም በጆንያ ክምር ላይ ተጭኖ እርሻ ይወርዳል። መንገድ ላይ የሚወድቅም ይወድቃል።

«እስከ ሸሕዲ በምን እንደሚመጡ አላውቅም፤ ከዚህ ወደ እርሻ ግን በተሳቢ ነው የሚጫኑት» አልኩት።

«እንግዲያው ለነሱ አግዳሚና ጣሪያ ያለው መኪና እንሥራ» አለ።

ሐሳቡን ለባለአክሲዮኖቹ ባቀረበበት ስብሰባ ላይ ጋሽ ጫኔ ሳቁ። «ሳሉግ ተንደላቆ ተቀምጦ ሊወርድልን ነው? ነገ ደሞ ትራስ ይለናል!» አሉ። አብዛኛው አብሮ ሳቀ። ያልሳቁት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ የባላቸው አክሲዮን በሞት የደረሳቸው፣ አብደራፊ አካባቢ የሚያርሱ ሴት። «ሳቁ እንጅ!» አሉ። «አምና ኸተሳቢ ወድቆ የሞተብኝን ልጅ እናት ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ አይዶላችሁም።» ሳቁ ቆመ። አንዱ ይሸጥ አለ፣ አንዱ ትንሽ ይታይ አለ፣ አንዱ «አዲስ አለቃ ሲመጣ ሁሌም አዲስ ወሬ አለ» አለ። መጨረሻ ላይ ለዮናስ እስከሚቀጥለው አጨዳ ጊዜ ሰጡት። ካልሆነለት ግቢው መጋዘን ይሆናል፣ እኛም እንበተናለን። እኔ ጡረታዬ ቀርቦ ስለነበር ለራሴ እምብዛም አልሰጋሁም። ከሥሬ ያሉት ልጆች ግን ገና ጎጆ የወጡ፣ ሚስቶቻቸው ያረገዙ ናቸው። እኔን ያሳሰበኝ የእነሱ ነገር ነው።

መኪናውን ሳልወድ ጀመርኩት። እየሠራሁት ግን ወደድኩት፤ እጅ እንደሆነ ኩራት አያውቅም። በሁለቱ ጎን የእንጨት አግዳሚ ዘረጋን። የክረምቱን ዝናብ እንዲችል ጣሪያውንም ጎኑንም በላሜራ ሸፈንነው፤ ነፋስ የሚገባባቸው ትንንሽ መስኮቶች ተውን። ለጓዙ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ሠራን፣ ከኋላ መሰላል አቆምን። ማዕዘኖቹን ኡስታ እንዳስተማሩኝ እያፈራረቅኩ በየድኩ። መዶሻ ብትመታው ንቅንቅ የማይል ሆነ።

ጥር ላይ ማሟሻው ደረሰ። ጠዋቱ ነፋሻ ነበር። ጋሽ ጫኔ ለቀልድ ያህል ጋቢያቸውን ተከናንበው የሳሉጉ አግዳሚ ላይ ተሰየሙ። ኮኪት ሳይደርሱ አንኮራፉ። ስንመለስ ልጆቹ በር ላይ «አንቀላፉ?» አሉ፤ «በእንጨት ላይ!» አልኳቸው፤ ተቃቀፉ። ዮናስ ሳይቀር ሳቀ። ጋሽ ጫኔ «ለሳሉግ በዛበት» እያሉም ቢሆን አዘዙ፤ እሳቸው ካዘዙ ሌላው ይከተላል። ኡስታ ፈንታ ካለፉ ወዲህ ቦዲ ውስጥ ተዘግቶ ምሳ የሚበላ አልነበረንም፤ ሁላችንም ከዛፉ ሥር ነበር የምንበላው። ማሟሻው ለዓመታት በቅቶን ስለነበር ይበቃል አልን።

ክረምቱን መኪኖቹ ለአረም ወረዱ። ደመናና ዝናብ ስለነበር የሚያማርር አልተገኘም፤ እንዲያውም ተመሰገንን። አጨዳ ሲገባ ግን ሰማዩ ተገለጠና የቆላው ፀሐይ ከረረ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለ። ከኮኪት በታች አንድ ደረቅ ወንዝ መሻገሪያ ላይ መኪናችን ወደ ጎኑ ሲያዘነብል ፖርቶመጋላው ከነሰው ተገንጥሎ ወድቋል። ከዮናስ ጋር በርረን ሄድን። መኪናው እንዳዘነበለ ቆሟል፤ ሰዉ ዋልካው አፈር ላይ ተበትኖ ያቃስታል። መጀመሪያ ያየሁት ውስጡን ነው፤ አግዳሚው ላይ የሰው ዘር አልነበረም። ሁሉም ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነበር። ብየዳዬ አልለቀቀም፤ የተቀደደው ላሜራው ራሱ ነው። ለጓዝ የታሰበ ስስ ላሜራ የሰው መንጋ ተሸክሞ እንዴት ይቻል።

የሞተ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አብዛኞቹ አፈሩን አራግፈው ተነሡ። አበጀ የሚባል የጎጃም ሰው ግን ጭኑ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል እስኪደርስ እጄን አልለቀቀኝም። ሹፌሩ በዚያው ታሰረ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ጋሽ ጫኔ በስልክ «ወንበር ሲሰጠው ጣሪያ የሚወጣ ፍጡር!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ እንደሳቸው እያልኩ ነበር።

በማግስቱ አበጀን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋው ላይ እግሩ ተሰቅሎ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ብርቱካን አስቀመጥኩለትና ቁጣዬን መያዝ አቃተኝ።

«ለመሆኑ አግዳሚ እያለላችሁ ምን እንሁን ብላችሁ ጣሪያ ላይ ወጣችሁ?» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «አንቱ ነዎት የሠሯት?»

«እኔ ነኝ።»

«ተቀምጠውባታል?»

«እንዴታ! ኮኪት ደርሼባታለሁ።»

«መቼ?»

«ጥር።»

«ጥርማ እኛም አገራችን እሳት ስንሞቅ ነበር» አለኝ። «አባቴ፣ ያች መኪና ቀትር ላይ ምድጃ ናት። አንዱ አስመለሰው። አንዱ ራሱን ስቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ኸላይ ነፋስ አለ ብለን ወጣን እንጅ መሞት ያማረውስ የለም።» የተሰቀለ እግሩን አሳየኝና «በዚህ እግር ጎንበስ ብዬ ማጨድ የምችል ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አገሩ የተዋቸውን ልጆቹን በየስማቸው ጠራልኝ። ምን ልበለው? እግዜር ያውቃል ብዬ ወጣሁ። የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኡስታ ቢኖሩ ኖሮ ይቺ መኪና ከግቢ አትወጣም ነበር።

ወሬው ሸሕዲ ገበያን አዳረሰ። ሳሉጉ የእኛን መኪና ሲያይ «ይቅርብን፣ በእግራችን» ይላል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ደርሶ ጥቂት ከዋለ እንክብሉ ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል። የጋሽ ጫኔ ማሳ ደርሶ ቆሟል፣ አጫጁ ወደ ሌላ እርሻ ይጓዛል። በዚህ የተነሣ ባለአክሲዮኖቹ አጨዳ ጥለው ተሰበሰቡ። በዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

«ድሮም ብያለሁ!» አሉ ጋሽ ጫኔ ገና ሳይቀመጡ። «ዛሬውኑ ይዘጋ። ላሜራው ይሸጥ፣ ግቢው መጋዘን ይሁን፣ ሠራተኛውም ይሰናበት።» ዮናስ ራሱን ደፍቶ ነበር። መስኮቱ ጋ ልጆቹ ተደርድረው ያዳምጣሉ። እኔ የተጠራሁት ስለ ብየዳው ከተጠየቅኩ እንድመልስ እንጂ ሐሳብ እንድሰጥ አልነበረም። የልጆቹን ፊት ሳይ ግን እግሬ ራሱ አስነሣኝ።

«ጋሽ ጫኔ፣ ስብሰባው መኪናው ውስጥ ይሁን» አልኩ።

«ምን አልህ?»

«አንቱ የሚፈርዱት በመኪናው ላይ አይደል? ገብተው ይፍረዱ። ከዚያ በኋላ ዝጉ ካላችሁ በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ።»

«ሰውየው ጃጀ!» አለ አንዱ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። ሴት ቀድማቸው እነሱ ሊቀሩ አይችሉምና ተከተሏቸው። ከሳሉጉ መኪኖች አንዱ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ቀትር ነው። ሁሉም ገብተው ተቀመጡ። እኔም ገባሁና በሩን ሳብኩት።

ጋሽ ጫኔ ንግግራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እየቆየ ድምፃቸው ሳሳ። ፎጣቸውን አውርደው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ አንገታቸውን ጠረጉ። አንዱ እጁን ላሜራው ላይ አሳርፎ ነበርና «እህ!» ብሎ አነሣው። ውኃ የጠየቀ ነበር። ወሬው አለቀ፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እኔም ዓይኔ ሲያጥበረብረኝ አበጀ «እግሬ ላይ ወደቀ» ያለው ልጅ ትዝ አለኝ።

«ክፈት» አሉኝ ጋሽ ጫኔ። ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። «ክፈት ብየሀለሁ!»

ከፈትኩ። ወጥተው ከዛፉ ሥር ተኮለኮሉ። ብዙ ቆይተው ጋሽ ጫኔ «እዚያ ውስጥስ እንቅልፍ የለም» አሉ። የሳቀ የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረው «በል እንዴት ይሁን ትላለህ?» አሉኝ። ኡስታ ፈንታ ገዳሪፍ ሳሉ ሲሠሩት የነበረውን ነገርኳቸው። ጣሪያ ላይ ሌላ ጣሪያ ይደረባል፣ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። ጎኑ በየማሳው እንደምንሠራው ዳስ፣ እንደ ራኩባ፣ ክፍት ይሆናል፤ ለዝናብ ሸራ ይወርዳል። ፖርቶመጋላው ተነሥቶ ጓዙ ከአግዳሚው ሥር ይገባል።

«ለነገ ይደርሳል?» አሉ ጋሽ ጫኔ።

«ለነገ እንኳ አይደርስም።»

«ሰሊጤ ይረግፋል እኮ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ያኔ ገባኝ። የአበጀ ጭን አላሳመናቸውም። ሙቀቱም ያሳመናቸው በትንሹ ነው። ሰሊጡ ነው። ከፋኝ፤ ግን የልጆቹ እንጀራ ከየትም ይምጣ አልኩና ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ። መኪናው ሲያልቅ ቀትር ጠብቄ ፉሌን ይዤ ገባሁ። ዮናስም የራሱን ምሳ ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ነፋሱ በመካከላችን ያልፍ ነበር።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ ሳሉጎቹም ያመኑት ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ጣሪያውን በመዳፋቸው ነክተው ነው። የዚያን ዓመት አጨዳ ከነጉድለቱ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሳሉጉ ገበያ ላይ ቆሞ «ራኩባዋ መኪና የማናት?» እያለ እርሻ ይመርጥ ጀመር። መኪናው ያለው ኢንቨስተር ሰው ይተርፈዋል፣ የሌለው ኢንቨስተር ወኪል ግን ገበያ ላይ ሲለማመጥ ይውላል። ትእዛዙ ከአብደራፊም ከመተማም ጎረፈ። መጋዘን ይሁን ያሉት ሁሉ ዮናስን ማሞገስ ያዙ፤ ከዱሮም እናምንበት ነበር ያሉ አሉ። ጋሽ ጫኔ በየሄዱበት «ሥራ አስኪያጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ያውቃል» ይላሉ። ሙገሳው ዮናስን ደስ አይለውም። ለአበጀ በግቢያችን የጥበቃ ሥራ ይሰጠው ብሎ ባለአክሲዮኖቹን ጠይቆ ነበርና የመለሱለትን ያውቃል። «አሳከምነው አይዶል? ለወደቀ ሁሉ ሥራ ከሰጠን የት ልንደርስ ነው?» ነው ያሉት። ደግሞም ጠየቀ፤ አልሰሙትም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

ልጆቹ ግን አልተበተኑም። ይህን ይዤ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ትንሽ አይደለም፤ ደስ ሊለኝም ይገባ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ እንደ ልማዴ በማለዳ ተነሣሁ። መሄጃ አልነበረኝምና እግሬ ወደ ሳሉጉ ገበያ ወሰደኝ። መኪኖቻችን ተደርድረዋል። ወኪሎቹ ይጮኻሉ፣ ሰዉ ጓዙን ከአግዳሚው ሥር እየከተተ ይሳፈራል። አንዱ መኪና በር ላይ ከዘራ የተደገፈ ሰው ማጭዱን ብብቱ ሥር ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ሲጠጋ አንድ እግሩን ይስባል። አበጀ ነበር።

ወኪሉ ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ቆይ» አለው።

«እጄ እኮ ደህና ነው» አለ አበጀ። «ቀስ ብዬ አጭዳለሁ።»

«ወንድሜ፣ ሰሊጥ ቀስ አይልም። ለጤነኛ ቦታ ልቀቅ።»

ተጋፍቼ ደረስኩ። «ጫነው» አልኩት ወኪሉን። «እኔ ነኝ የምልህ።»

«ጋሽ ታደለ፣ አንቱን አከብራለሁ» አለኝ፤ እውነትም አንገቱን ሰበር አደረገ። «የጋሽ ጫኔ ትእዛዝ ነው፤ ጉልበት ያለው ብቻ። ትናንትና ቢሆን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደውለው ያስፈቅዱ ነበር። ዛሬማ ጡረታ ወጡ አሉ።»

መኪናው ሞላና ተነሣ። ጎኑ ክፍት ስለሆነ የተቀመጡት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ይታየኝ ነበር።

አበጀ ያን ጊዜ ነው ያወቀኝ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዘራውን አስተካክሎ መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ተመለከተ።

«ደግ አድርገው ሠርተዋታል አባቴ» አለኝ። «አሁን አትሞቅም አሉ።»